ሶል ላይ ቆመው የቀሩት ኦቦ ደቻሳ ጃራ

ኦቦ ደቻሳ ጃራ ከአባታቸው ከኦቦ ጃራ ኦዳና ከእናታቸው ከአዴ ጫልቱ በዳዳ ጥቅምት 12 ቀን 1949 ዓ.ም. በተፍኪ ተወለዱ። ሰበታ እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረው በ1967 ዓ.ም. በወታደር ባንድ ተቀጠሩ። በ1983 ባንዱ ሲበተን አኮርዲዮናቸውን ተሸክመው ዓለም ገና ገቡ። በ1985 ወይዘሮ አትክልት ተሾመን አግብተው ናዝራዊትን ወለዱ። ከዚያ ወዲህ የሰፈሩን ልጅ ሙዚቃ ያስተማሩት እሳቸው ናቸው።

ዘፈን ልማር ብሎ የመጣውን ሁሉ መጀመሪያ ናቹራል ማይነር የሚባለውን ስኬል፣ የድምፅ መሰላል፣ ነበር የሚያስይዙት። «ነጮቹን ቁልፎች ብቻ ተጫን። ከዶ ተነስተህ ዶ ብትደርስ ሜጀር ነው። በነዚያው ቁልፎች ከላ ተነስተህ ላ ብትደርስ ማይነር ነው። ቤቱ ያው ነው፤ የገባህበት በር ነው የተለየ» ይሉ ነበር። ከመጨረሻዋ ላ በፊት ያለችውን ሰባተኛዋን ድምፅ፣ ሶልን፣ ከፍ አድርጎ ጥቁሯን የነካ ግን አለቀለት። «ከፍ ካደረግካት ወደ ላ ትገፋሃለች። የኛዋ አትገፋም። ቆማ ታይሃለች፤ የምትገባው በራስህ እግር ነው።»

ሶል ላይ አቁሞ መሄድ በቤታቸው ክልክል ነበር። ፈሀድ የሚባለውን ተማሪያቸውን ከባጃጅ አስወርደው አስጨርሰውታል። «የተከፈተ በር ማን እንደሚገባበት አይታወቅም» አሉት። ልጁ ሳቀ፤ እሳቸው አልሳቁም።

አምና ስትሮክ ቀኝ ጎናቸውን ያዘው፤ አንደበታቸውም ተዘጋ። እህታቸው ጂሬኛ ከቡራዩ መጥታ አስታመመቻቸው። ጂሬኛ ትምህርት ቤት ባትዘልቅም ስኬሉን ቀድሞ ለጥየቃ ስትመጣ ከበር ውጭ ሆና እየሰማች ለምዳዋለች። ኦቦ ደቻሳ በጉሮሯቸው እያንጎራጎሩ ከላ ይነሱና ሶል ላይ ሲደርሱ ትንፋሽ ያጥራቸዋል። ያኔ ጨርሺልኝ በሚል ዓይን ጂሬኛን ያይዋታል።

«ጋሼ፣ ሞቼ እገኛለሁ! ጨርሼልህ ጥለኸኝ ልትሄድ ነው?» ትላቸዋለች።

ናዝራዊት ልጨርስላቸው ስትል ጂሬኛ አፏን በእጇ ያዘቻት። እሳቸውም አልተዉም፣ እሷም አልጨርስም እንዳለች ከረሙ።

ኅዳር 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ሶል ላይ እንደቆሙ በ69 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

ትናንት የዕድር ሰዎች ድንኳን ሲተክሉ የአኮርዲዮኑ ድምፅ ከላ ተነስቶ ወደ ላይ ወጣ። ሶል ላይ ቆመ። ከዕድርተኞቹ አንዱ ወንዲ መዶሻውን ጥሎ «ማነው እዚያ ውስጥ?» አለ። ማንም አልነበረም። አኮርዲዮኑ በሳጥኑ ተቆልፎበታል፤ የሳጥኑ ቁልፍ ጂሬኛ አንገት ላይ ነው። እስከ ዛሬ ጠዋት እየደጋገመ ተሰማ፤ አንዴም ከሶል አላለፈም።

ስለዚህ አስከሬኑ ከቤት ሳይወጣ ሳጥኑ ይከፈታል። ናዝራዊት ከላ ተነስታ ሶል ላይ ትቆማለች። የመጨረሻዋን ላ የምትጫናት ጂሬኛ ናት፤ እሺ ብላለች። እስክትጫናት ድረስ ቃሬዛውን ማንም እንዳያነሳ። ብትዘገይም አታስቸኩሏት፤ ወንድሟ ናቸው።

ባለቤታቸውን፣ ልጃቸውንና እህታቸውን ፈጣሪ ያጽናልን። ነፍሳቸውንም በር ላይ ከመቆም አሳርፎ ወደ ቤቱ ያስገባልን።