ሳላነብ ያለፍኩት ገጽ

ለእህቴ ለይታይሽ ገብረማርያም፣ ሐዋሳ።

እቴ ይታይሽ፣ እንዴት ከረምሽ? ቀን ሙሉ ስፌት መኪና ላይ ስታጎነብሺ ይቆረጥምሽ የነበረው ወገብሽ ተሻለሽ? ምሳሽንስ በሰዓቱ ትበያለሽ? የሐዋሳ አየር ተስማማሽ ወይስ አሁንም ያስልሻል? በደወልሽ ቁጥር «ደህና ነን» እልሻለሁ። እናታችን ጆሮዋን ከስልኩ ጋር አጣብቃ ስለምትቆም ሌላ ነገር ከአፌ አይወጣም። ይህን የምጽፈው ደህና ነን ለማለት አይደለም። እዚያው ሐዋሳ ያለችው ፅጌ ለሚካኤል ንግሥ መጥታ ስለምትመለስ በእጇ እሰድልሻለሁ። አደራ፣ ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው።

በፋሲካ የላክሽልኝ የአገር ምግብና የጤና መጽሐፍ ነው ነገሩ። ከሰባተኛ ክፍል ካቆምኩ ወዲህ ንባብ እንዳይጠፋብኝ ብለሽ ነበር የላክሽው። እናታችን እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ በራፍ ላይ አስቀምጣ ታስነብበኝ ጀመር። መጀመሪያ እሷ ብቻ ነበረች። ቀስ በቀስ ጎረቤቶቹም መጡ፤ እትዬ ገላነሽም እንዝርታቸውን ይዘው ይመጣሉ። ሰው ሲሰበሰብ እንዴት እንደምሆን ታውቂያለሽ።

መጽሐፉ ሩዝ ሲፈተግ ደጉ ነገር ከፉርሽካው ጋር ይሄዳል ይላል። ይህን ሳነብ አባታችን ሳቀ። «ለዚህ ነዋ ላሟ ከእኔ ይልቅ ጠጉሯ ያማረ። ደጉን እሷ ትበላለች፣ ነጩን እኔ» አለ። እናታችን ግን የምሯን ነበር። በሳምንቱ ሩዙን ወረታ ወስዳ ባለ መፈልፈያውን አንድ ጊዜ ብቻ አሳልፈው አለችው። ቡናማውን ሩዝ ይዛ ስትመለስ እትዬ ገላነሽ «ይርገዱ ከላሟ ጋር ማዕድ ጀመረች» ብለው መንደሩን አሳቁት። እሷ ምንም አልመሰላትም። ጨው ቀነሰች፤ ጠዋት ጠዋት ተልባ በጥብጣ ትጠጣለች። ሰውነቴ ቀለለኝ ስትል እኔም ደስ ይለኝ ነበር። ሰው እኔን «ዙፋን፣ ስለዚህስ ምን ይላል?» ብሎ ሲጠይቀኝ የመጀመሪያዬ ነው።

በግንቦት ስለ ደም ግፊት የሚናገረው ምዕራፍ ላይ ደረስን። እናታችን ካቻምና ሩዝ ስታርም ወድቃ ኪኒን እንደታዘዘላት ታስታውሻለሽ። ነጭ ሽንኩርት፣ ተልባ፣ ጨው ያልበዛበት ወጥና የእግር መንገድ ለግፊት ደግ ነው የሚለውን አነበብኩ። ድገሚው አለችኝ፤ ደገምኩት። ከገጹ ግርጌ ግን በደቃቅ ፊደል የተጻፈ፣ ዙሪያውን በመስመር የታጠረ ነገር ነበረ። የመጀመሪያው ቃል ረጅም ነው። ትንሽ ቀደም ብዬ አንድ ቃል ላይ ተደናቅፌ እትዬ ገላነሽ «የኔታ ዙፋን፣ ፊደሉ አመለጠሽ?» ብለውኝ ሴቶቹ ሁሉ ስቀው ነበር። ፊቴ ገና እንደጋለ ነው። ገጹን ገለበጥኩት።

ብቻዬን ስሆን ያለፍኩትን አነበብኩት። መድኃኒት የጀመረ ሰው ሐኪሙን ሳያማክር እንዳያቋርጥ ይላል። እናታችን ኪኒኗን መች ትተዋለች ብዬ ዝም አልኩ።

በጥቅምት ግን አብሽ ላወጣ ቅሉ ውስጥ እጄን ሳስገባ በጨርቅ የተቋጠረ ነገር ነካሁ። የሰኔው ኪኒን ነው፤ አንዱም አልተነካም። ገበያ ስትወርድ እግረ መንገዷን ጤና ጣቢያ የምትገባ ይመስለኝ ነበር። ለካ ከዚያ ወዲህ ረግጣውም አታውቅ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ መቀመጫ የለኝም። ውኃ ስቀዳ ዛሬ እነግራታለሁ እላለሁ፤ እንስራውን ሳወርድ ይጠፋብኛል። ሩዝ ሳጭድ ማጭዱን አስቀምጬ ወደ እሷ እሄዳለሁ፤ ስደርስ «ውኃ ልስጥሽ?» ብዬ እመለሳለሁ። ራሷን ሲከብዳት ፀሐይ ነው ትላለች። ጥር ላይ ወንዛዬ ፍል ውኃ ገብቼ ስወጣ ይለቀኛል ትላለች። እኔ ደግሞ ፍል ውኃው ግፊቷን እንዳያብስባት ፈርቼ ጥር እስኪደርስ ቀኑን በጣቴ እቆጥራለሁ። እቴ፣ እለምንሻለሁ፣ አንቺ ንገሪያት። መጽሐፉን የላክሽው አንቺ ነሽ፤ አንቺን ትሰማለች።

እስከዚህ ድረስ የጻፍኩት ባለፈው ረቡዕ ነው። አሁን ማክሰኞ ነው። ከላይ ያለውን ልቀደው አስቤ ነበር፤ ግን ከእንግዲህ ምንም መዝለል አልፈልግም።

ሐሙስ የታችኛውን ማሳ እያጨድን ነበር። አባታችን ጭቃው ሳይደርቅ ከጎን ባለው ማሳ ጓያ ይዘራል። አያ በላቸው ሁለቱን ምርኩዛቸውን አጠገባቸው አጋድመው ድንበሩ ላይ ተቀምጠው እጁን እያዩ «እንዲህ ነው እንዴ የሚዘራው? ለወፍ ነው የምትበትነው?» እያሉ ያበሽቁታል። በልጅነታቸው፣ በዚያ በክፉው ዓመት፣ ለወራት ከጓያ በቀር የሚበላ አጥተው ጓያው እግራቸውን እንደሰበራቸው ታውቂያለሽ።

እናታችን ነዶ ታቅፋ ብድግ ስትል ዞረባትና ከነነዶዋ ተቀመጠች። ግንባሯን ያዘች። አባታችን ዘሩን ትቶ መጥቶ «ኪኒንሽን ዛሬ ረሳሽው?» አላት። «ኪኒኑን ከተውኩት ቆየሁ። መጽሐፉ የአገርሽን ብዪ እያለኝ ኪኒን ለምኔ? የአገር ምግብ ሰው አይጎዳም» አለችው።

እንዴት አፌን እንደከፈትኩ አላውቅም። «እማዬ፣ ጓያም የአገራችን ነው» አልኳት።

አያ በላቸው አጠገባችን ስለነበሩ በሰው ፊት ያዋረድኳቸው መሰለኝና ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። እሳቸው ግን «ልጅቷ እውነቷን ነው፣ ይርገዱ። እኔን የሰበረኝ ከባሕር ማዶ አልመጣም፤ ከዚሁ ጭቃ ነው የበቀለ። ብቻውን በላሁት፣ ያ ነው የጎዳኝ» አሏት።

እናታችን ወደ እኔ ዞረችና «መጽሐፉ ስለ ኪኒን የሚለው ነበረ?» አለችኝ። እያለቀስኩ ሁሉንም ነገርኳት። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ቤት እንደገባን መጽሐፉን አውርዳ እጄ ላይ አኖረችና እትዬ ገላነሽን አስጠራቻቸው። «ስትዘይው አብራን ነበረች፤ ስታነቢውም ትስማ» አለች። ያ ረጅሙ ቃል «ማስጠንቀቂያ» የሚል ነው፣ እቴ። ሁለት ጊዜ ተደናቀፍኩበት። ማንም አልሳቀም።

ትናንት ወረታ ወረድን። ክንዷን በጨርቁ ጠፍራ የለካቻት ነርስ ደግማ ለካችና «በእግርሽ ነው የመጣሽው?» አለቻት። ከዚያ መድኃኒቱን ሰጥታ በሳምንቱ ተመለሺ አለቻት። ተልባውንም ጨው መቀነሱንም ቀጥዪ፣ ግን ከኪኒኑ ጋር ነው ብላታለች። እናታችን «ቡናማው ሩዝስ?» አለች። «እሱም ደግ ነው» ስትላት አባታችንን ዞር ብላ አየችው፤ እሱም «ላሟ ትምጣና ትመስክር እንግዲህ» አላት። ወንዛዬም ለጊዜው ቀርቷል።

አሁን ያረፍኩ ይመስልሻል። አላረፍኩም። ጠዋት ኪኒኑን ስትውጥ ጉሮሮዋን አያለሁ። ደግሞ ሌላ ነገር መጣብኝ፦ ያን እሑድ በራፋችን ላይ የነበሩት እሷና እትዬ ገላነሽ ብቻ አይደሉም። ሌሎች አራት ሴቶች ነበሩ። ከመካከላቸው ኪኒን የሚውጥ ይኑር አይኑር አላውቅም። ዛሬ ጠዋት መጽሐፉን በነጠላዬ ሸፍኜ ወጣሁ። ከመጀመሪያዋ ቤት አጥር ደርሼ ሁለት ጊዜ ተመለስኩ፤ በሦስተኛው ውሻው ሲጮህ ራሷ ወጣች። «በግንቦት ያን እሑድ ያላነበብኩት አለ» አልኳትና ቆሜ አነበብኩላት። ሁለተኛዋም ቤት ሄድኩ። ሦስተኛዋን ማምሻውን አገኛታለሁ። አራተኛዋ ልጇ ዘንድ ይፋግ ገብታለች፤ በገበያ ቀን ከአባታችን ጋር እሄዳለሁ። እኔ ሰው በር ላይ ቆሜ ስናገር ታይኝ ነበር።

እናታችን እንደምጽፍልሽ ስለነገርኳት ሰላምታዋን አስጽፋለች፤ ጾሙ ገብቷልና ባዶ ሆድሽን አትዋዪ፣ ጨውም አታብዢ ብላሻለች። አባታችን ከላሟ ጋር ሆኖ ሰላም ብሎሻል። አያ በላቸው «ያቺ ቀጭኗ ወፈረች ወይ?» ብለው ጠይቀዋል። እትዬ ገላነሽ ሌላ መጽሐፍ እንድትልኪ ይላሉ። ከላክሽ ግን የታጠሩትን ቦታዎች ቀድመሽ በእርሳስ አስምሪልኝ፤ ከእነሱ እጀምራለሁ።

እህትሽ ዙፋን ገብረማርያም
ቁሐር ሚካኤል፣ ፎገራ
ኅዳር 16 ቀን 2018 ዓ.ም.