ያለ ሹካ የተበላው ዶሮ

ልጄ ሮዛሊንድ፣ የኮፐንሃገን ብርድ አይጨክንብሽ፤ እግዚአብሔር በምትሄጂበት ሁሉ ይቅደምልሽ። እዚህ ሎንግ አይላንድ እኛ አለን፤ ብቻ እኔ ደክሞኛል። አባትሽን ማጠብና ማልበሱ ጉልበቴን ጨረሰው።

እንግዳን ሳይደክሙ አሳምሮ ስለ መጋበዝ የሚያስተምረውን የላክሽልኝን መጽሐፍ ከፈትኩት። ሥዕሉ ላይ ያለችው ሴትዮ፣ ነጭ ሸሚዟ ላይ ጠብታ እንኳ የለባትም! አባትሽን መርሳት ከያዘው ወዲህ ደጃችንን የረገጠ ስላልነበረ፣ ቅዳሜ ጎረቤታችንን ሎሬይንንና ባሏን ለምሳ ጠራኋቸው። በሎሚ የሚጠበሰውን ዶሮ ሠራሁ፤ ጠረጴዛው ላይ አበባ አደረግሁ። አባትሽ ግን ሹካውን ወርውሮ በእጁ ይበላ ጀመር። መረቁ በክንዱ ወረደ።

«ይቅርታ አድርጉልን፣ ሕመሙ ነው» አልኩ፣ አፍሬ።

ሎሬይን ሹካዋን አስቀምጣ ወደ አባትሽ ዞረች። «የምን ይቅርታ! ዋረን፣ አንተ ሆዳም፣ ቅልጥሙን ለእኔ ተውልኝ እንጂ!» ብላ በእጇ ቦጨቀች። ባሏም ተከተላት። አባትሽ ሳቀ፤ ከስንት ጊዜ በኋላ! ሲወጡም፣ «የፊታችን ቅዳሜ ደግሞ እኛ ጋ ናችሁ» አለችን። ሳህኑን ሳላጥብ ወንበሩ ላይ እንቅልፍ ወሰደኝ።

አደራሽን፣ እሑድ እሑድ ለአባትሽ ደውዪለት። ስምሽን ቢረሳም ድምፅሽን ሲሰማ ፊቱ ይፈካል። ክፉ አይንካሽ፣ ልጄ።

እናትሽ ዶሪን