እስከ ቢጫው ድረስ

ጥቅምት 4፣ ማክሰኞ፣ ምሽት

መኪናው ዘግይቶ ገባ። ሴራሚክ ሲወርድ ሁለት ካርቶን ተሰበረ። ተሸካሚዎቹ እርስ በርስ ይካሰሳሉ። እኔ ደረሰኝ እፈልጋለሁ፣ ስልክ ይጮኻል፣ ስብሰባ ጀመረ ይሉኛል።

የሕንፃው ኮሚቴ ነው። እኛው ነጋዴዎቹ በአክሲዮን ያቆምነው፣ ገና ቀለሙ የሚሸት ሕንፃ። ተቆጣጣሪው መጥቶ ምድር ቤቱን ዞሮ አይቷል። ለዓይነ ስውራን የሚሆን ንጣፍ የለም ብሎ ፈቃዱን ይዞታል። ከዋናው በር እስከ ሱቆቹ፣ በጫማና በበትር የሚዳሰስ፣ ከወለሉ ትንሽ ከፍ ያለ መስመር ይፈልጋል። ሊቀመንበራችን ደሳለኝ ዙሪያውን ቃኘና፣ አስካለ የወለል ሰው ናት፣ እሷ ትምረጥ አለ። ጭብጨባ። እዚህ ኮሚቴ ውስጥ የሚጨበጨበው ሥራው ሌላ ሰው ላይ ሲወድቅ ነው።

ደብተር፣ ላንተ የምነግርህ ስለማታቋርጠኝ ነው። መጋዘን ውስጥ ሻካራ ሴራሚክ አለኝ። እሱን አነጥፌ እገላገላለሁ።

ጥቅምት 7፣ ዓርብ፣ ከሰዓት

ጋሽ ሰይድ ከጁምዓ ሲመለሱ ልጃቸው ሙኒር ክንዳቸውን ይዞ አመጣቸው። (ከዚህ በኋላ ጋ.ሰ. ብዬ ልጻፍ።) ብትን ጨርቅ ሻጭ ናቸው። በድሮው የቆርቆሮ ሱቅ ግድግዳ እንጋራ ነበር፤ አዲሱ ሕንፃ ውስጥም ዕጣ ጎን ለጎን አወጣን። ግላኮማ ዓይናቸውን ቀስ በቀስ ወስዶታል። አሁን የቀራቸው ብርሃንና ደማቅ ቀለም ብቻ ነው። ጨርቅ ግን ዛሬም በጣታቸው አሽተው ስንት እጁ ጥጥ እንደሆነ ይነግሩሃል።

ሙኒር ሱቁን ሊያከራየው ነው። የሞባይል መሸፈኛ የሚሸጥ፣ በር ላይ ድምፅ ማጉያ የሚተክል ሰው አግኝቷል። አባቱ ባለፈው ሳምንት ባልዲ ጠልፏቸው ወድቀዋል፤ ልጁ ፈርቷል፣ አልፈርድበትም። ጋ.ሰ. ግን ተቆጡ። ድሮ የበርበሬ በረንዳ ሽታ ከየት እንደሚመጣ አውቄ ነበር የምታጠፈው፣ እዚህ ግን ሁሉም ቦታ ቀለም ቀለም ይሸተኛል፣ መሬቱም እንደ ሳህን ለስላሳ ነው አሉ።

በመጨረሻ ተስማሙ። ወሩ እስኪያልቅ፣ ማንም እጃቸውን ሳይዝ ከዋናው በር እስከ ሱቃቸው ከደረሱ ሱቁ የሳቸው ነው። ካልሆነ ቁልፉን ያስረክባሉ።

ሙኒር ሲወጣ ወደኔ ጠጋ ብሎ፣ “እትዬ፣ እርስዎም አያደፋፍሩብኝ” አለኝ።

እኔ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ሙዚቃ የሚያስጮህ ጎረቤት አልፈልግም። ምክንያቴ ይኸው ነው። ሌላም ካለ አልጽፈውም።

ጥቅምት 8፣ ቅዳሜ

ናሙና በሱቄ በር ላይ ደረደርኩ። ጋ.ሰ. ጫማቸውን እንዳደረጉ ቆሙበት።

መጀመሪያ የራሴን ሻካራ ሴራሚክ። ወዲያ ወዲህ አሉና፣ “አስካለ፣ ይሄ ይሻክራል እንጂ ምንም አይናገርም” አሉኝ። የራሴ ዕቃ! አኮረፍኩ። ግን ልክ ናቸው፤ ሂድም ቁምም አይልም።

ቀጥሎ በማስቲሽ የሚለጠፍ ጎማ። ለእግር ይመቻል። ተሸካሚው ጋሪ ይዞ አለፈበት፣ ጥጉ ተነሳ። ሁለተኛው ጋሪ ይዞት ሄደ። በቃ።

አይዝጌ ብረት። ያምራል። ውሃ ደፋሁበት፣ ጋ.ሰ. አንድ እግራቸውን አስቀምጠው ወዲያው አነሱ። ያንሸራትታል።

መጨረሻ ላይ በሲሚንቶ የተሠራው። ሁለት ዓይነት ነው። ባለ ሰንበሩ ረጃጅም ጭረት አለው፣ ትርጉሙ ቀጥል ነው። ባለ ጉብታው ክብ ክብ ነው፣ ቁም፣ መታጠፊያ ወይም በር አለ ማለት ነው። ጋ.ሰ. በበትራቸው ጫሩት፣ በጫማቸው ዳሰሱት። ግራጫውን አለፉት፤ ቢጫው ላይ ጎንበስ አሉ። “ይቺ ትታየኛለች” አሉ። ፊታቸውን ማየት አልቻልኩም፣ ደንበኛ መጣብኝ።

ጥቅምት 12፣ ረቡዕ፣ ከስብሰባ መልስ

ራሴን አሞኛል። የሕንፃው መሐንዲስ ብረት ይላል፤ ከወለሉ ግራናይት ጋር ይሄዳል። ደሳለኝ ቢጫ አልወደደም፤ ሕንፃውን ታክሲ ተራ አታስመስይው አለኝ። አንዱ ደግሞ ለመሆኑ መርካቶ ስንት ዓይነ ስውር ይመጣል አለ። እንዳይመጡ አድርገን ሠርተን፣ ስላልመጡ እንቆጥራቸዋለን። ይህንን ጮክ ብዬ አልተናገርኩም። ጩኸት እዚያ ዋጋ የለውም።

የብረቱን ናሙና መሬት ላይ አስቀመጥኩ፣ የውሃ ጠርሙስ ከፈትኩ፣ አፈሰስኩ። ደሳለኝን፣ በዚያ በሚያብረቀርቅ የቆዳ ጫማህ እለፍበት አልኩት። አለፈ። ተንሸራተተ፣ የመሐንዲሱን አንገት አንቆ ተረፈ። አንዱ ከኋላ፣ “ሊቀመንበር፣ ፈቃድ ሳይወጣ ወለሉን ልትስመው ነው?” አለው። ሳቅ። ቢጫ ሲሚንቶ ጸደቀ።

ጥቅምት 20፣ ሐሙስ

ተነጠፈ። የቦታውን ምርጫም ለኔ ትተውታል። መሀል አልኩ፣ ተውኩት። መሀሉ የጋሪና የተሸካሚ ነው፤ “ዞር በል! ዞር በል!” እያለ ፍራሽ ተሸክሞ የሚመጣ ሰው በትር የያዘ ሰው አይጠብቅም። ስለዚህ ወደ ሱቆቹ ጎን አስጠጋሁት። በየመታጠፊያው ባለ ጉብታው ገባ። ግንበኛው አንዱን አጣሞ ነበር፣ አስነሳሁት፤ አጉረመረመ፣ አነሳው። ተቆጣጣሪው አይቶ ፈረመ።

ደስ ብሎኝ ገባሁ። ጻፈው ደብተር፣ ብዙ ጊዜ አይገጥምህም።

ጥቅምት 22፣ ቅዳሜ፣ ቀትር

አበድኩ። ጽሑፌ ቢበላሽ ይቅር በለኝ።

ጠዋት ስገባ ኮሪደሩ በሙሉ ዕቃ ወጥቷል። ባልዲ፣ ብርድ ልብስ፣ ጆንያ። ሁሉም እስከ ቢጫው። በክር የተለካ ይመስላል! ግማሹ ቢጫው ላይ ወጥቷል። ፍራሽ ሻጩ ከድር ፍራሾቹን አቁሞ ልክ ጠርዙ ላይ አሰልፏቸዋል። ምንድነው ይሄ ስለው ከልቡ ተገርሞ አየኝ።

“እትዬ፣ እርስዎ አይደሉ እንዴ ድንበር ያሰመሩልን?”

ድንበር! ስንት ዓመት ዕቃችሁን አስገቡ፣ መንገድ አትዝጉ ሲባል ያልሰማ ሰፈር፣ መስመር ሲያይ እስከዚህ ተፈቅዶልሃል የተባለ መሰለው። ደሳለኝማ ተደስቷል። በመጨረሻ ሥርዓት ያዙ አለኝ፤ እጄን ጨበጠኝ።

ጋ.ሰ. አራት ሰዓት ላይ መጡ። ሙኒር በሩ ጋ ቆሞ ያያል። ጥቂት እንደሄዱ በትራቸው ፍራሽ ነካ። ቆሙ። ወደ ጎን አሉ፣ ባልዲ። ከዚያ ደግነታችን ተጀመረ። አንዱ እጃቸውን ያዘ፣ አንዷ በትራቸውን ጎተተች፣ ሌላው በግራ፣ ሌላው በቀኝ ይላል። “ልቀቁኝ! እጄ ደህና ነው፣ ዓይኔ ነው!” ሲሉ ሰማሁ። ማን ይለቃል። እንደ ሙሽራ አጅበው ሱቃቸው አደረሷቸው።

ሙኒር አየኝና ጭንቅላቱን ነቅንቆ ወጣ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ይባስ ብሎ ስመለስ ያየሁት፦ የኔ ሠራተኛም ሁለት ካርቶን ቢጫው ላይ አስቀምጣለች።

ጥቅምት 24፣ ሰኞ

ለመንኩ። ሁሉም እሺ እትዬ ይላል፣ ፊቴን ሳዞር ይመልሰዋል። ጥበቃውን ላክሁ፤ ሻይ ተጋብዞ ተመለሰ። ማስታወቂያ ለጠፍን፤ ማስታወቂያው ላይ ብርድ ልብስ ተሰቀለበት። ደሳለኝ ጉዳዩ በሚቀጥለው ስብሰባ ይታያል አለኝ። የሚቀጥለው ስብሰባ ኅዳር ውስጥ ነው። ቁልፉ የሚሰጠው ከዚያ በፊት።

ቢጫውን ነቅሎ መሀል መውሰድ? ጋሪ። ዕቃ መውረስ? ጠብ።

ተረጋጊ አስካለ። እንደ ነጋዴ አስቢ። እነዚህ ሰዎች ሕግ አልጣሱም። መስመር ሰጠኋቸው፣ እስከ መስመሩ ሞሉ። እኔም ሞላሁ።

እንግዲያው ሌላ መስመር እሰጣቸዋለሁ።

ጥቅምት 26፣ ረቡዕ፣ ሱቅ ሳይከፈት

ቀይ የዘይት ቀለም፣ ወፍራም ብሩሽ። ከቢጫው ወደ ሱቆቹ ክንድ ያህል ገባ ብሎ። በትር የሚወዛወዝበት፣ ትከሻ የሚያልፍበት። በራሴ በር ጀመርኩ፤ ካርቶኖቼን ወደ ውስጥ አስገባሁ። ሱቄ ጠበበ። ተናድጃለሁ፣ ግን ገብቷል።

ከዚያ ከድር ጋ። ስለ ጋ.ሰ. አላወራሁትም፤ ስለሳቸው ቢሆን ያለቅስልኛል፣ ፍራሹን ግን አያስገባም። ያልኩት ሌላ ነው። ቀዩ ያንተ ነው፣ እስከ ቀዩ ማንም አይናገርህም፤ ከቀዩ አልፎ የሚያወጣ ጎረቤትህ ግን ያንተን ዕቃ ሸፍኖ ደንበኛ እየወሰደብህ ነው። ዓይኑ በራ። ፍራሾቹን ራሱ አስገባ። ሄጄ ስመለስ ባልዲ ሻጩን፣ “አንተ ሰውዬ፣ ቀዩን አታይም? ያንተ ዓይን ነው የጠፋው!” እያለ ይጮኽበታል።

ብሩሹን ይዤ ቀጠልኩ። ደሳለኝ መጥቶ በማን ውሳኔ ነው አለኝ። በቃለ ጉባኤ ያዘው፣ በኅዳር ትቀጡኛላችሁ አልኩት። ጫማው ላይ ቀለም ነጠበ። ሆን ብዬ አይደለም።

ቀለሙ በዓመቱ ይለቃል። እንደገና እቀባዋለሁ። ያኔም እየተነጫነጭኩ።

ጥቅምት 29፣ ቅዳሜ፣ ጠዋት 3 ሰዓት

ጋ.ሰ. ዛሬ ይመጣሉ። ነገ እሑድ ዝግ ስለሆነ የመጨረሻው ቀን ነው፤ የሞባይሉ ሰውዬ ከሙኒር ጋር ዋናው በር ላይ ቆሟል፣ ሜትር ይዟል። መደርደሪያ ሊለካ።

ለሁሉም ነግሬያለሁ፦ እጅ የሚይዝ፣ ግራ ቀኝ የሚል፣ ሰላም የሚል እንኳ እንዳይኖር። መርካቶ ዝም በል ማለት ምን እንደሆነ አንተ አታውቅም። ደንበኛ የለኝም፣ ስለዚህ እጽፋለሁ፤ ቀና ብዬ እንዳላይ።

በትሩ ይሰማኛል። ለስላሳው ላይ ጠቅ ጠቅ ይላል፣ ሰንበሩ ላይ ይንኮሻኮሻል። አሁን ይንኮሻኮሻል። ቢጫው ላይ ናቸው።

ከድርን አለፉ። ከድር አፉን በእጁ ይዟል።

እየቀረበ ነው። ጋሪ መጣ፣ መሀሉን ይዞ አለፈ። ደህና።

ቆመ።

በትሩ ቆመ። እዚሁ፣ በሬ አጠገብ። ማነው ዕቃ ያወጣው? ብድግ ብያለሁ፣ እስክሪብቶው እጄ ላይ ነው፣ ልጮህ አፌን ከፍቻለሁ፣ ጎንበስ ብዬ ወለሉን አየሁ፣ ባዶ ነው። ምንም የለም። ባለ ጉብታው ነው። የቆሙት ቁም ስላላቸው ነው።

ወደ ግራ ዞሩ። ቁልፋቸውን ከኪሳቸው እያወጡ ነው። በቃ ደብተር፣ ቀና ብዬ ልይ።