ቁርጥራጭ ያልተረፈበት ጨርቅ

ውድ ሚጢጢዬ፣

መምህርት ከሆንሽ በኋላም በዚህ ስም ስለምጠራሽ አትቆጪ፤ ለእኔ ያው ነሽ። ጉልበቴን ትንሽ ያመኛል እንጂ ደህና ነኝ። ዛሬ የምጽፍልሽ ግን ስለ ሒሳብሽ ነው።

ባለፈው ወር ስፌት ቤታችን ውስጥ ጨርቅ አበላሸሁ። እንደ ልማዴ ሁለት ጣቃ ለሁለት፣ ከዚያ ደግሞ ለሁለት አጥፌ ቆረጥኩ። የአንዱ ቁራጭ ከሌላው በለጠ። ላስተካክል ስከረክም እግሬ ሥር ቁርጥራጭ ተከመረ። አሠሪያችን አየችና «ከደገምሽው መቀሱን ለሌላ እሰጣለሁ፤ አንቺ ቁልፍ ትተክያለሽ» አለችኝ። ሃያ ዓመት የያዝኩትን መቀስ!

ትናንት አንዲት አዋላጅ ነርስ ሁለት ለስላሳ ጨርቅ ይዛ መጣች። ስፋታቸው አንድ ነው፤ ርዝመታቸው ግን አንዱ ስድስት ሜትር ከሠላሳ፣ ሌላው አራት ሜትር ተኩል።

«የጨቅላ መጠቅለያ ነው። በተቻለ መጠን ረዘም ይበሉ፤ ግን ሁሉም እኩል ይሁኑ፣ ጨርቁም ምንም አይትረፍ። እናቶቹ እንደሆኑ አልጋ ላይ ሆነው ያወዳድራሉ።»

«ቢጎድልስ?»

«ከየት አመጣለሁ? ያለው ይኸው ነው።»

እጄ ለማጠፍ ሲነሳ አንቺ ትዝ አልሽኝ። ያኔ ተማሪ ሳለሽ፣ ልብስ ስተኩስ አጠገቤ ተቀምጠሽ «እትዬ፣ ትልቁ የጋራ አካፋይ እኮ ቀላል ነው። ከትልቁ ላይ ትንሹን ቀንሺ፤ በቀረውና በትንሹ ደግሞ እንደዚያው አድርጊ፣ እኩል እስኪሆኑ» ስትዪኝ፣ «ሂጂ ወዲያ፣ ራሴን አታዙሪው» አልኩሽ። ከዚያ ወዲህ ስለ ትምህርትሽ አንድም ቀን አጫውተሽኝ አታውቂም። እውነቱን ልንገርሽ፤ ስላልገባኝ አፍሬ ነው። ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጠች ታላቅ እህት እንዴት አልገባኝም ትበል?

ጨርቁን ሳልነካ በልካቸው ሁለት ክር ቆረጥኩ። አጭሩን ረጅሙ ላይ ሳነጥፈው ሜትር ከሰማንያ ተረፈ። ትርፉን ደግሞ አጭሩ ላይ ሁለቴ ስለካው ከአጭሩ ዘጠና ሳንቲሜትር ቀረ። ዘጠናው ሜትር ከሰማንያው ውስጥ ሁለቴ ልክክ አለ።

«ጥንቆላ ጀመርሽ እንዴ?» አለች አሠሪያችን።

«የእህቴ ሒሳብ ነው።»

ቆረጥኩ። ከአንዱ ሰባት፣ ከሌላው አምስት፤ አሥራ ሁለት መጠቅለያ፣ ሁሉም እኩል። አሠሪያችን ጎንበስ ብላ ጠረጴዛው ሥር አየች። ምንም የለም። «እንግዲህ ቁልፍ የሚተክል ሌላ ሰው እንፈልጋለን» ብላ ወጣች።

እኔም ዛሬ ከሥራ መልስ ሰባተኛ ክፍል ለመማር ተመዘገብኩ። እሑድ እደውልልሻለሁ፤ የሰጡኝን መጽሐፍ ገና ስገልጠው ክፍልፋይ አስቸግሮኛል። ቀስ ብለሽ አስረጂኝ። «አልገባኝም» ማለት እየተለማመድኩ ነው።

የምትወድሽ ተማሪሽ፣
እትዬ