ዋናው ፕሬዚዳንት እስኪመጣ

ይድረስ ለልጄ ለሩዪን፣

የኦስሎ ብርድ እንዴት ይዞሻል? እኛ እዚህ ላንዡ ደህና ነን። አባትሽ የስንዴ ዋግ ምርምሩን በመጽሐፍ አወጣለሁ ብሎ ጠረጴዛውን በወረቀት ሞልቶታል፤ እኔ ኑድሌን የምበላው ጭኔ ላይ አስቀምጬ ነው።

ያ የስሙ ቀልድ ትዝ ይልሻል? «ፉ» የሚለው የቤተሰባችሁ ስም በቻይንኛ «ምክትል» ከሚለው ቃል ጋር አንድ ድምፅ ስለሆነ፣ አባትሽ ዩኒቨርሲቲውን ሲመራ «ፕሬዚዳንት ፉ» ሲባል የሰማ እንግዳ ሁሉ ምክትሉ እየመሰለው «ዋናው የት አሉ?» ብሎ ይጠይቀው ነበር። እሱም «ዋናውም ምክትሉም እኔው ነኝ፤ ለሁለታችንም ሻይ አምጡልን» ይላል።

ሰኞ ዕለት የድሮ ባልደረባው ፕሮፌሰር ሚያው ሊጠይቀን መጣና፣ እንደ ልማዱ ሊያሾፍበት «አንተ ምክትል፣ ዋናው የት ሄደ?» አለው። እኔ ሳቄን አዘጋጅቼ ጠበቅሁ። አባትሽ ተነሣና ደህናውን ወንበር በእጅጌው ጠርጎ «ስብሰባ ላይ ናቸው፤ አሁን ይመጣሉ» አለ። ከወንበሩም ፊት ሻይ ቀዳ። ሚያው በሳቅ ፍርስ አለ፤ እኔም ሳቅሁ። አባትሽ ግን ሻዩ እስኪቀዘቅዝ ድረስ በር በሩን ያይ ነበር። መቼም ቀልድ ሲያረዝም ታውቂው የለ።

ለአዲሱ ዓመት እመጣለሁ ያልሽውን ትንሽ ብታስቀድሚው ደስ ይለኛል። የምትወጂውን የበግ ሥጋ እሠራልሻለሁ። ስትገቢ ታዲያ በሩ ላይ ቆመሽ ስምሽን ጮክ ብለሽ ንገሪው፤ አባትሽ ደስ ይለዋል።

ከሩቅ ግንባርሽን የምትስምሽ፣
እናትሽ ቺያው ዌንላን