ያልሄድኩበት ደሴት

ሰኞ፣ ጥቅምት 9

ነገሩ የተበላሸው ሥራ አስኪያጁ "ዝግጁ ነሽ?" ሲለኝና እኔ ለመመለስ ትንፋሽ ስስብ ነው። በዚያች መሃል ጥልቅ አለች።

"እሷ እኮ ባሕር ትፈራለች!" አለች ጮሌዋ።

ስብሰባው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ምን ነካኝ?

ጮሌዋ ጠረጴዛዋ ከጎኔ ነው። ሥራ ያስለመድኳት እኔ። ቅጽል ስሟን ያወጣሁላትም እኔ፤ በፍቅር ነበር። ባሕር መፍራቴንም የነገርኳት እኔው ነኝ፣ ምሳ እየበላን፣ ሆዴን ከፍቼ...

ቢሮአችን የደሴቲቱን ጉብኝት ይሸጣል። በዓመት አንድ ሠራተኛ ሄዶ አይቶ ይመለሳል። ዘንድሮ ተራው የኔ ነበር። ሁሉም ያውቃል።

"ካልፈለገችማ አናስገድዳትም" አለ ሥራ አስኪያጁ። ካልፈለገች! ማን አልፈልግም አለ? ከዚያ ወደኔ ዞሮ፣ ማር በተቀባ ድምፅ፣ "ደግሞ አንቺ ከሌለሽ ሥራው አይሄድም።"

በቃ። ጮሌዋ ትሄዳለች።

እፈራለሁ? አዎ፣ እፈራለሁ። የሚፈራ ሰው ተራ የለውም?

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 10

ለእናቴ ነገርኳት። እፎይ አለች እንጂ!

"እሰይ። ውሃ ላይ ምን አለሽ? መሬቱ ጠበበሽ?"

"ተራዬን ነው የወሰዱብኝ፣ እማዬ።"

"ይውሰዱት። ዝም በይ። ዝም አይነቅዝም።"

ውሸት ነው። የኔ ዝምታ ትናንት ነው የጀመረው፣ ዛሬ ነቅዟል።

ዓርብ፣ ጥቅምት 20

ጮሌዋ ፎቶ ላከች። ነጭ ባርኔጣ፣ ሰማያዊ ውሃ፣ እሷ ደግሞ ጥርስ በጥርስ። "ናፍቀሽኛል እህቴ" ይላል ከሥሩ።

እርር ድብን አልኩ። "እንዴት ያምራል!" ብዬ መለስኩላት። ስልኩን ገልብጬ አስቀመጥኩ። ወዲያው አነሳሁት። ባርኔጣውን አጉልቼ አየሁ... ውሃውን... እግሯ ሥር ያለችውን ዛጎል ሳይቀር።

ስትመለስ መርከቡ እንዲያናውጣት ተመኘሁ። እንዲህ ነኝ እንዴ?

የተማርኩት ጂኦግራፊ ነው። የዚያ ባሕር ነፋስ በየትኛው ወር ከየት እንደሚነሳ በቃሌ እወጣዋለሁ። ፊቴን ነክቶኝ ግን አያውቅም። ምናልባት ለኔ የተፈጠረው ካርታው ብቻ ይሆን?

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 21

ቢሮአችን ያልተጻፈ ሕግ አለው። ለደንበኛ "እንዲህ ነው ይባላል" አንልም። "እኔ ስሄድ" ነው የምንለው። የሄደም ያልሄደም። ሥራ አስኪያጁ "ያልቀመሰ አያስጎመጅም" ይላል።

ከሁሉ አሳምሬ የምለው ደግሞ እኔ ነኝ። ዛሬ ለሁለት ሙሽሮች... "እኔ ስሄድ በማለዳ ነው ከወደቡ በስተግራ ያለውን የድንጋይ ደረጃ የወጣሁት። ጫፍ ላይ ስትደርሱ ዞር በሉ።" ሙሽሪት አፏን ከፍታ ሰማችኝ። እዚያው ወሰኑ።

የሰው ወርቅ አያደምቅ። የኔው ደግሞ የሰው እንኳ አይደለም፤ የማንም አይደለም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 2

ባለፈው ወር ወደ ደሴቲቱ የላክኋቸው ጡረተኛ አዋላጅ ሊያመሰግኑኝ መጡ። ፀሐይ መትቷቸዋል፤ አምሮባቸዋል።

"ያልሽኝን ደረጃ ወጣሁልሽ! ግን ልጄ፣ ምነው ሽታውን ደበቅሽኝ?"

"የምን ሽታ?"

"የዓሣው ነዋ! ሥሩ ዓሣ ያሰጡበት የለ? አፍንጫዬን ይዤ ነው የወጣሁት። አንቺ ስትሄጂ አልነበረም?"

ዓሣ... መጽሐፍ ላይ የለም። ፎቶ ደግሞ አይሸትም።

"ሄጄ አላውቅም" አልኳቸው። ቃሉ ከየት እንደወጣ እንጃ።

ቦርሳቸውን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡ። ይቆጡኛል ስል፣

"እና ያን ሁሉ ከየት አመጣሽው?"

"ስመኘው ስለኖርኩ ነው።"

"ለምን አትሄጂም?"

"አልችልም።"

ሳቁ። "ዕድሜ ልኬን ሳዋልድ 'አልችልም' ያላለች ሴት አልገጠመችኝም። እያለች ነው የምትወልደው።" ቦርሳቸውን አንስተው ወጡ።

ሥራ አስኪያጁ ከኋላዬ ቆሞ ኖሯል። "ደንበኛ ፊት ልታዋርጂን ነው? ምን ሆነሽ ነው?"

መጸዳጃ ቤት ገብቼ፣ ቧንቧውን ከፍቼ፣ አለቀስኩ።

ሰኞ፣ ኅዳር 7

ጮሌዋ ተመለሰች። ገና ወንበሯን ሳታሞቅ ወደኔ ተጠጋች። "እኔ የምለው... ለደንበኞቹ ምን ልበላቸው?"

"አይተሽ መጥተሽ የለ?"

"ምኑን አያለሁ! በማግስቱ ሆዴ ተበላሽቶ ክፍሌ ውስጥ ተኝቼ ከረምኩ። ያ ፎቶ የመጀመሪያው ቀን ነው። እባክሽ፣ አንቺ እንደምትይው አድርገሽ አስጠኚኝ።"

ደስ ሊለኝ አይገባም ነበር? ስመኘው አልነበር? ምንም። ባዶ።

"ለምንድነው ስብሰባው ላይ ምስጢሬን ያወጣሽብኝ?" አልኳት።

"ውይ፣ ቀልድ ነበር እኮ!"

ወንበሬን ወደሷ አዞርኩ።

ዓይኗን ሰበረች። "መሄድ ፈልጌ ነበር። አንቺ ደግሞ ዝም አልሽ።"

እውነቷን ነው። የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው። ገፋችኝ፤ እኔ ደግሞ ግድግዳ እንኳ አልያዝኩም።

"አላስጠናሽም" አልኩና ተነሳሁ። እግሬ ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ወሰደኝ። የዓመት ፈቃድ ጠየቅሁ።

"አሁን? በዚህ ጥድፊያ? ለከርሞ ተራውን እናስብበታለን። ታውቂያለሽ፣ አንቺ ከሌለሽ..."

"ተራ አልጠየቅሁዎትም። ፈቃዴን ነው፤ በራሴ ነው የምሄደው።"

"ስትመለሺ ጠረጴዛሽን ባታገኚው እኔን እንዳትወቅሺ።"

"እሺ" ብዬ ወጣሁ። ምን አደረግሁ?

ሐሙስ፣ ኅዳር 24

መርከብ ላይ ነኝ።

ያሰብኩትን ያህል አያስፈራም ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ። ይብሳል። ወለሉ ከእግሬ ሥር ይሸሻል። ሁለቴ አስመለሰኝ። አንድ የማላውቀው ሰው ሎሚ ሰጠኝ፤ እሱን እያሸተትኩ ነው የምጽፈው።

ማለዳ እናቴ እስከ አውቶቡሱ ሸኘችኝ። አልተቆጣችም። አንገቴ ላይ ሻርፗን ጠመጠመችና፣ "ፈርተሻል?"

"አዎ።"

"እኔም።" አውቶቡሱ እስኪታጠፍ ቆማ ነበር።

ጠረጴዛዬ ይኑር አይኑር አላውቅም። ደሴቲቱ ገና አትታይም። መመለስ ብፈልግም አልችልም፤ ዙሪያውን ውሃ ነው።

ግን ይሄን እዚህ ላይ ልጻፈው። "አንቺ ከሌለሽ ሥራው አይሄድም" የሚል ሙገሳ ከእንግዲህ አልቀበልም። ያላየሁትን አየሁ በይ የሚለኝንም። ፍርሃቴን እንደ መልሴ የሚቆጥርብኝን ሰው፣ ጮሌዋም ትሁን አለቃዬ፣ እኔ ራሴም ብሆን፣ አልቀበልም።