የአባባ ጠመንጃ ቃታ

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፣

ሰላምታዬ ከወረቀቱ ቀድሞ ይድረስህ። በዚህ አገር ጠመንጃ በማወቅ የሚስተካከለኝ የለም። እሺ፣ ከአባባ በቀር። በጽሕፈት ግን እሱንም በልጫለሁ፤ የማታ ትምህርቱን ጨርሼ ይኸው ለማንም ሳላስጽፍ በገዛ እጄ ጻፍኩልህ!

እኛ ደህና ነን። የአባባ ጠመንጃ ብቻ አስቸግሯል። ተኩሶ ቃታውን ወደ ኋላ ሲስብ ባዶው ቀለህ ተስፈንጥሮ አይወጣም፣ አዲሱ ጥይትም አይገባም። እኔ ጎበዙ ፈታታሁት። ውስጡን ወለወልኩ፣ ቀለህ ጎታቹን ጥፍር መረመርኩ፣ የካዝናውን ሞላ ሳይቀር ቀየርኩ። ከዚያ ተኩሼ ሞከርኩት፤ ለእኔም ተቀረቀረብኝ።

«አላልኩህም? ያረጀው ጠመንጃው ነው!» አለ አባባ፣ ቀኝ እጁን ኪሱ እንደከተተ። ቃታው እስከ መጨረሻው ካልተሳበ እንዲህ እንደሚያደርግ ያስተማረን እሱ ራሱ ነበር።

ቅዳሜ ለከርከሮ አደን ብቻዬን እወጣለሁ ብሏል። አብሬህ ልምጣ ብለው «አንተ ፊደልህን ቁጠር» ብሎ አባረረኝ። ከርከሮ ደግሞ ታውቀዋለህ፣ ሁለተኛው ጥይት እስኪገባ ቆሞ የሚጠብቅ ጨዋ አይደለም። አንተን እምቢ አይልህምና ከቅዳሜ በፊት ብቅ በል።

መንገዱ ይቅናህ፣ እግርህን እንቅፋት አይንካው።

ታናሽ ወንድምህ

አንድ ነገር ዋሽቻለሁ፤ ለእኔም ተቀረቀረብኝ ያልኩትን። ለአባባም ያልኩት እንዲሁ ነው። በእኔ እጅ አንዴም አልተቀረቀረም።